የአያት ዘር የት ይቀመጥ? ከምድጃ ቆጥ እስከ በረዶ ዋሻ፣ ለጅማ ሰው የሚሆን ንጽጽር

ባለፈው ኅዳር ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ ቅል አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አፉ በቆረቆንዳ ተወትፏል። ስከፍተው አመድ ነው፤ አመዱ ውስጥ ደግሞ ነጭና ሐምራዊ የተቀላቀለበት ድንቡሽቡሽ ያለ የበቆሎ ፍሬ። «ልጄ፣ ይቺ የአማቴ ዘር ናት» አሉኝ። «ልጆቹ ምርጥ ዘር ካልሆነ አይዘሩም። እኔ ደግሞ ጉልበቱም የለኝ። እናንተ ዘንድ የዘር ባንክ የሚባል አለ አሉ፤ ውሰጂና አስቀምጪልኝ።»

ወሰድኩት። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን «የት ነው የማስቀምጠው?» የሚለው ጥያቄ ያዘኝ። ዘር ይቆይባቸዋል የሚባሉት ቦታዎች ብዙ ናቸው። ቆጡ አለ፣ ጠርሙሱ አለ፣ ፍሪጁ አለ፣ አዲስ አበባ ያለው የዘረመል ባንክ አለ፣ ኖርዌይ ተራራ ውስጥ የተቦረቦረው ዋሻ አለ፣ ጮጬ ያለው የቡና ማሳ አለ፣ ጫካው ራሱ አለ። ችግሩ አንዱ ቦታ የሚያቆየውን ዘር ሌላው ይገድለዋል። ከዘር ጋር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ለጠየቀኝ ሁሉ በቃል የምመልሰውን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዘሩን ጠይቁት

ሰው ሁሉ የሚጀምረው «የቱ ቦታ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ዘሩ የምን ነው?» ብዬ እመልሳለሁ። ድርቀትንና ብርድን ሁሉም ዘር እኩል አይችልም።

ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን፣ በርበሬ ድርቀት ቻዮች ናቸው። ሲደርቁ ይተኛሉ፤ በደረቁና በቀዘቀዙ ቁጥር እንቅልፋቸው ይረዝማል። በባንክ ቅዝቃዜ ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። በመካከላቸውም ልዩነት አለ፤ ዘይት የሚበዛበት ኑግ ከጤፍ ቀድሞ ያረጃል፣ የሽንኩርት ዘርማ ቤት ውስጥ ዓመት ካለፈው ባትተማመኑበት ይሻላል።

አቮካዶና ማንጎ ተቃራኒ ናቸው። ፍሬያቸው እርጥበቱን ካጣ ሞተ ማለት ነው። እነዚህን «ዘር ላስቀምጥ» ማለት ከንቱ ድካም ስለሆነ አልመለስባቸውም፤ ችግኝ አድርጓቸው።

የእኛ የጅማዎች ዋና ጣጣ ሦስተኛው ነው፤ ቡና። የዘር ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ዘርን ድርቀት የሚችልና የማይችል ብለው ለሁለት ብቻ ሲከፍሉት ኖረዋል። እ.አ.አ. በ1990 በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡናን ሲፈትሹ ከሁለቱም አልገጥም አላቸውና «መካከለኛ» የሚል ክፍል ጨመሩ። የአረቢካ ዘር እስከ 10 በመቶ እርጥበት ገደማ ሲደርቅ ይታገሳል። ከዚያ አልፎ ሲደርቅ ይዳከማል፤ ደርቆ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሞታል። ማለትም ጤፍን የሚያኖረው ባንክ ቡናን ይቀብራል።

ይህን በመጽሐፍ ሳላነበው በፊት በእጄ ተምሬዋለሁ። አባቴ ጓሮ ፍሬዋ ቢጫ ሆኖ የሚበስል አንዲት ቡና ነበረች። እሸቱን ለቀምኩ፣ ፈለፈልኩ፣ አጥቤ እንደ ጤፍ ደህና አድርጌ አደረቅሁና ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩ። በዓመቱ አውጥቼ መቶ ፍሬ አሸዋ ላይ ዘራሁ። ቡና ለመብቀል ወር ተኩል፣ ሁለት ወርም ይወስድበታልና ታገስኩ። ሁለት ወር ሞላ፣ ምንም። በሦስተኛው ወር አንዱን ቆፍሬ አውጥቼ በጥፍሬ ስጫነው ውስጡ ግራጫ ሆኖ እንደ አሮጌ ሳሙና ተፈረከሰ። ዛፏ ደግሞ በዚያው ዓመት ለጫት ቦታ እንድትለቅ ተቆርጣ ነበር።

ከብርድ በፊት ድርቀት

እንግዲህ ድርቀት ቻይ ዘር ነው የያዛችሁት እንበል። ዘር ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቃት የሃሪንግተን ስሌት የምትባል ግምታዊ መለኪያ አለች። የዘሩ እርጥበት 1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ይረዝማል፤ የማስቀመጫው ሙቀት 5 ዲግሪ ገደማ በቀነሰ ቁጥርም እንደዚያው። ስሌቷ የምትሠራው እርጥበቱ ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው መካከል ሲሆን ነው።

አስሉት። በቆሎውን ከ14 ወደ 10 በመቶ ብታደርቁት ዕድሜው አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ 16 እጥፍ ማለት ነው። 20 ዲግሪ ካለው ክፍል 5 ዲግሪ ወዳለው ፍሪጅ ብታስገቡት ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚታጠፈው፤ 8 እጥፍ። የታኅሣሥ ፀሐይ ከፍሪጅ ትበልጣለች፤ ወርሃዊ ሒሳብም አትጠይቅም።

ጅማ ላይ ግን ፀሐይዋ ወረት ናት። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምትን ይዞ ይዘልቃል። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ በጥር የደረቀ ዘር ክፍት ከተተወ በሐምሌ መልሶ ይለሰልሳል። ስለዚህ እዚህ አገር ማድረቅ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ በደረቀበት ቀን አፉን ማሸግ ነው። በሰሌን ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት፤ ቆርቆሮ ላይ አይሁን፣ ይቀቅለዋል። የቀትሩን ፀሐይ ጥላ ውስጥ አሳልፉት። ከዚያ ሳይመሽና ጤዛ ሳይወርድ አስገቡት፤ ትኩሱን አታሽጉት፣ ያልበዋል።

መድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? ጥርስ አንድ ነገር ይናገራል፤ ደረቅ በቆሎ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥቡ ይጠፈጠፋል። እኔ ግን ጨውን አምናለሁ። ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን በዘሩ ሙሉ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ በጣም የደረቀ ደቃቅ ጨው ጨምሩ። ክዳኑን አጥብቃችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡትና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ሰሌኑ ይመለስ። ጨው ሁሉ ከታች ከወረደ ለማስቀመጥ በሩ ተከፍቷል። በር ብቻ ነው ያልኩት፤ ለብዙ ዓመት የምታስቡት ከሆነ ከዚያ በኋላም ጥቂት ቀን ፀሐይ ያስፈልገዋል። ክረምት ላይ ለተቸገረ ሰው ደግሞ ሩዝ እስኪጠቁር ሳይሆን እስኪቀላ ቆልቶ፣ በተዘጋ ዕቃ አቀዝቅዞ፣ በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ከዘሩ እኩል አድርጎ አንድ ላይ ማሸግ ነው። ሩዙ ከዘሩ እርጥበት ይጠጣል። በሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ ጣሉት።

ቤት ውስጥ ያሉት ምርጫዎች

ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ የሚናቅ አይደለም። ከነቅርፊቱ ታስሮ የተሰቀለ የበቆሎ ራስ ጭሱ ነቀዝ ያርቅለታል፣ ሙቀቱም ያደርቀዋል። ግን ያው ሙቀት ያስረጀዋል። ከዘንድሮ ለከርሞ ለማሳለፍ ጥሩ ነው፤ ለልጅ ልጅ አይሆንም። ማድ ቤቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የቀየረ ቤትማ ቆጡም አብሮ ሄዷል።

ቅልና አመድ ትንሽ ይሻላል። አመዱ የነቀዙን ቆዳ እየፋቀ ያደርቀዋል፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ይሞላል። ቅሉ ግን ይተነፍሳል፤ የጅማ ክረምት በቅል ግድግዳ አልፎ ይገባል። ጎተራን የዘር ማስቀመጫ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ጎተራ የእህል ነው።

በሦስት ድርብ ከረጢት የሚሸጠው ፒክስ እዚህም ተለምዷል። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ከውስጥ፣ ማዳበሪያ የሚመስል ከውጭ። አንድ በአንድ ጠምዝዛችሁ ስታስሯቸው ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ይጨርስና ራሱን በራሱ ይገድላል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ለኩንታል እህልና ለአንድ ሁለት ዓመት ዘር በጣም ጥሩ ነው። እርጥብ እህል ከታሸገበት ግን የሻጋታ ፋብሪካ ይሆናል፤ ሰው «ከረጢቱ አበላሸብኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ያበላሸው ችኮላው ነው።

ለአንድ እፍኝ፣ ለሁለት እፍኝ የአያት ዘር ከሁሉ የምመርጠው የጎማ ማሸጊያ ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ ነው። የማርና የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። ብርጭቆ አይተነፍስም፣ አይጥ አይበላውም፣ ውስጡም ይታያል። ጨለማና ቀዝቃዛ ጥግ፣ ለምሳሌ ከአልጋ ሥር ይቀመጥ። ሁለት ትናንሽ ጠርሙስ ከአንድ ትልቅ ይሻላል፤ አንዱን ስትከፍቱ ሌላው ሳይነካ ይቆያል።

ፍሪጅ ያለው ሰው ጠርሙሱን እዚያ ቢያስገባው ዕድሜ ይጨምርለታል። መብራት ሄዶ ሲመጣም የታሸገውን ደረቅ ዘር ብዙ አይጎዳውም። የሚጎዳው ሌላ ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ የክፍሉ እርጥብ አየር ይገባና ቀዝቃዛው ዘር ላይ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ ታሽጎ እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ይደር፤ ጠዋት ክፈቱት። በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ውጭ ከመተው ይብሳል።

የድቅል በቆሎን ምርት ለዘር ማስቀመጥ ግን ልፋት ነው። ቢኤች 661ም ይሁን ሌላ፣ ልጁ አባቱን አይመስልም፤ ምርቱም ይወርዳል።

በሌላ ሰው እጅ፦ ማኅበር፣ አዲስ አበባ፣ ኖርዌይ

የማኅበረሰብ ዘር ባንክ የሚባለው አሠራር በአገራችን የቆየ ነው። ምሥራቅ ሸዋ ውስጥ ኤጀሬና ጨፌ ዶንሳ የሚታወቁት የአካባቢያቸውን ዱረም ስንዴ በገበሬው እጅ እንዲቆይ በማድረግ ነው። ገበሬው ዘር ይወስዳል፣ ሲያመርት ትንሽ ጨምሮ ይመልሳል። ከዚህ ሐሳብ ጀርባ ስማቸው የሚነሳው ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። የአገሪቱን የዘረመል ማዕከል የመሩ፣ እ.አ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሸለሙ ሳይንቲስት፤ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ካልኖረ ጎደሎ ነው ባይ ነበሩ።

ጥቅሙ ዘሩ በየዓመቱ ስለሚዘራ ከአየሩና ከበሽታው ጋር አብሮ መለወጡ ነው። ጉዳቱ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የአካባቢ ማኅበር ዘንድ ያስቀመጥኩትን ቀይ ማሽላ ልወስድ ስሄድ ነጭ ማሽላ በክብር አስረከቡኝ። ወረቀቱ ተልጦ ወድቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት በእርሳስ ጽፌ አንዱን ከውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አደርጋለሁ። በእርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ ስለሚደበዝዝ ነው።

ብሔራዊው ባንክ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ግቢ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እ.አ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ ሲቋቋም ስሙ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ነበር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ እ.አ.አ. በ1927 መጥቶ የገብሱንና የስንዴውን ዓይነት አይቶ ከተደነቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። አሁን ከ80 ሺህ በላይ ናሙና ይዟል። የመጣው ዘር ይጸዳል፣ ከ3 እስከ 7 በመቶ እርጥበት ድረስ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ በአሉሚኒየም ከረጢት ይታሸጋል፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ውስጥ ይገባል። የገባው ሁሉ ተረስቶ አይቀርም፤ በየጊዜው ናሙና ወጥቶ ይበቅል እንደሆነ ይፈተሻል። የባንኮች ዓለም አቀፍ መለኪያ ዘሩ ሲገባ በአብዛኛው ሰብል ቢያንስ 85 በመቶ እንዲበቅል ይጠይቃል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትመጣለች።

ባንክ ስለተባለ ብቻ የቁጠባ ደብተር የሚሰጣችሁ አይምሰላችሁ። ዋናው ሥራው የአገር ሀብት መጠበቅና ለምርምር ማቅረብ ነው። የማኅበረሰቡን መብትና የጥቅም ድርሻ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው፤ ዘራችሁ ከየትና ከማን እንደመጣ ተጽፎ መግባቱ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የአካባቢ ስሙን፣ ከፍታውን፣ ለምን እንደሚውል፣ ለቂጣ ይሁን ለእሸት ወይስ ለጠላ ሳይነግሩ ዘር መስጠት ስም የሌለው ልጅ እንደመስጠት ነው። ሌላው ድክመቱ ማንም ጥፋት ያላጠፋበት ነው። ዘሩ በገባበት ዓመት ላይ ይቆማል። ውጭ ዝናቡ ወሩን ሲቀይርና አዲስ በሽታ ሲመጣ እሱ አያውቅም።

የኖርዌዩ ስቫልባርድ በጋዜጣ ስለሚወራለት ሁሉም ይጠይቀኛል። እ.አ.አ. በየካቲት 2008 የተከፈተ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚጠበቅ፣ 4.5 ሚሊዮን ናሙና የሚችል ዋሻ ነው። እናንተን ግን አይመለከታችሁም። የግለሰብ ዘር አይቀበልም፤ የሌሎች ባንኮች መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ነው፣ ሳጥኑንም ካስቀመጠው ባንክ በቀር ማንም አይከፍተውም። ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሶርያ ጦርነት ሐለብ (አሌፖ) አጠገብ የነበረውን ኢካርዳ የተባለ የግብርና ምርምር ማዕከል ከራሱ የዘር ባንክ ሲያቆራርጠው፣ እ.አ.አ. በ2015 ያስቀመጠውን መልሶ አውጥቶ ሊባኖስና ሞሮኮ ውስጥ ዘርቶ አባዛ፤ በኋላም ቅጂውን ወደ ዋሻው መለሰ። እ.አ.አ. በ2016 ደግሞ በረዶው ቀልጦ ውኃ መግቢያው ድረስ ገብቶ ነበር፤ ዘሩ ጋ አልደረሰም። ዋሻም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል።

ቡና፣ እንሰት፣ ቦዬ፦ ባንካቸው አፈር ነው

ዘሩ ለማይቀመጥ ተክል ማሳው ራሱ ባንክ ይሆናል። የአገሪቱ ትልቁ የቡና ማሳ ባንክ ደግሞ እዚሁ ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ ጮጬ ነው። ከ5 ሺህ በላይ የቡና ናሙና በመስመር ተተክሎ ይገኛል። እዚያው አጠገብ ከታ ሙዱጋን የቡና መገኛ ነው ይሉታል፣ የፍየል ጠባቂውም ታሪክ አብሮ ይነገራል። ቦንጋዎች በዚህ አይስማሙም፤ እኔም እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ማሳ ባንክ ሕያው ነው። ቅጠሉን ታያላችሁ፣ ፍሬውን ትቀምሳላችሁ፣ በሽታ ሲመጣ ማን እንደቆመና ማን እንደወደቀ ትለያላችሁ። ግን ይራባል። መሬት ይፈልጋል፣ ማረም ይፈልጋል፣ መግረዝ ይፈልጋል፣ ጥላ ይፈልጋል። የቡና አድርቅ በሽታ ከገባበት አንድ ናሙና ያላችሁ ዛፍ ቆሞ ይደርቃል፤ ቅጂ የለውም።

የሕያውነት ጥቅም ምን እንደሆነ ጅማ በደንብ ታውቃለች። እ.አ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን መግባቱ ታወቀ። አረንጓዴው ፍሬ ጠቁሮ ይረግፍ ጀመር። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ በበሽታው መካከል ያልተነኩ ዛፎችን ፍለጋ በየማሳውና በየጫካው ዞሩ። ዛሬ ገበሬው «74110»፣ «74112» እያለ የሚጠራቸው ቡናዎች የዚያ ፍለጋ ልጆች ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.አ.አ. 1974። እናቶቻቸው ብርድ ቤት ውስጥ የተኙ አልነበሩም፤ ሰው ጓሮና ጫካ ውስጥ ቆመው በሽታውን የተጋፈጡ ነበሩ።

ታዲያ ጫካው ከሁሉ አይበልጥም? ይበልጣል፤ በለጠ-ጌራ፣ ያዩ፣ ካፋ። ያዩና ካፋ እ.አ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብለዋል። ዱር ቡና ከነጥላው፣ ከነንቡ፣ ከነወፉ ያለው እዚያ ነው። እንደ ምርጫ ካስቀመጥነው ግን በእናንተ እጅ ያለው ድርሻ ከሁሉ ያነሰ ነው። ደግሞም ጫካ በአንድ ቀን አይጠፋም። ሥሩ ለቡና ይመነጠራል፣ ቀጥሎ በዱሩ ቡና ፈንታ ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ይተከላል። ከሩቅ ሲያዩት ያው ደን ነው።

ቡናን በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ማቆየት ተችሏል። ኮስታሪካ ያለው ካቲዬ የሚባል ማዕከል እ.አ.አ. በ1964 እና 65 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ከእኛው ጫካና ማሳ የሰበሰበውን ቡና ጭምር በማሳ ይጠብቃል፣ የቅዝቃዜ ባንክም አቋቁሟል። ለቤት የሚሆን ነገር አይደለም፤ «ፍሪዘርማ ይገድላል ብለሻል» የሚለኝ ስለማይጠፋ ነው ያነሳሁት። እዚያ የዘሩ እርጥበት በጥንቃቄ ተለክቶ፣ ቅዝቃዜውም ተመጥኖ ነው የሚሠራው።

ቤት ያለ ሰው የሚያደርገው ይህ ነው። የምትወዷት የቡና ዛፍ ካለች ዘሯን አታስቀምጡ፣ ልጆቿን አብዙ። አረቢካ በአብዛኛው በራሱ ስለሚዳቀል ችግኞቹ እናታቸውን ይመስላሉ። የቀላውን እሸት ለቅማችሁ በእጅ ፈልፍሉ፣ እጠቡ፣ ከነገለባው በጥላ አድርቁ። ከነልጣጩ የደረቀ ጀንፈል ዘር አይሆንም፤ ፀሐይ ላይ ቀቅላችሁታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ዝሩት፤ ተራ ክፍል ውስጥ ግማሽ ዓመት ካለፈው አብዛኛው አይበቅልም። 15 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ በልክ ታሽጎ ሁለት ዓመት ገደማ ማቆየት ይቻላል፤ ያንን የሚሠሩት ግን መሣሪያ ያላቸው ናቸው። አምስቱን ችግኝ ጓሮ፣ አምስቱን እህት ቤት። አንድ ጓሮ ቅጂ አይባልም።

እንሰት፣ ቦዬና ጎደሬም እንደዚሁ ናቸው፤ የሚተከሉት ከተክሉ ተቆርጠው ስለሆነ ጠርሙስ አያውቃቸውም። የእነሱ ባንክ የጎረቤት ጓሮ ነው። እንሰት ላይ አጠውልግ ካያችሁ ግን ከዚያ ጓሮ ምንም አትውሰዱ፤ በሽታውን በቢላዋ ነው ይዛችሁ የምትሄዱት።

እኔ ብሆን

ጤፍና ማሽላ በጠርሙስ፣ በየሦስት ዓመቱ መዝራት፣ ከቻላችሁ ግማሹን ለብሔራዊው ባንክ። ባቄላ ከአጠገቡ ካለው ባቄላ ስለሚዳቀል ራቅ ተደርጎ ይዘራ። ቡና በአፈር ብቻ።

በቆሎ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ጽጌው፣ የወንዴው አበባ ዱቄት ማለቴ ነው፣ በነፋስ ይሄዳል። ጎረቤት ድቅል ከዘራ የእናንተው ነጭ በቆሎ በአንድ ክረምት ይደባለቃል። ለዘር ሲሆን ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር መራቅ አለበት፤ በእኛ ጠባብ ማሳ ይህ የማይታሰብ ነው። ያለው ብልሃት ጊዜ ነው፤ ሦስት አራት ሳምንት ዘግይቶ መዝራት። ሌላው ስህተት የሚያምሩትን ሁለት ሦስት ራሶች ብቻ ለዘር መምረጥ ነው። እንዲያ ሲደረግ ዘሩ በዓመታት ውስጥ ይጠባል፣ ይኮስሳል። ከ50 ተክል፣ ቢቻል ከ100 ትንሽ ትንሽ መውሰድ ይሻላል።

አሁን ወደ ቅሏ። አመዱን አበጥሬ መቶ ፍሬ ቆጠርኩ፤ አሥር በአሥር አድርጌ በእርጥብ ጨርቅ ደርድሬ፣ ጠቅልዬ፣ በሳህን ላይ አኖርኩ። በሰባተኛው ቀን ገለጥኩት። 71 በቅሏል። ሌላው አብጦ የቀረና የሻገተ ነው። ፍሬው ካቻምና የተለቀመ ነበር። ለ85ቱ አልደረሰም፤ ስለዚህ ለባንኩ መስጠቱ ቀርቶ መጀመሪያ መታደስ ነበረበት።

ተመልሼ ሄጄ ነገርኳቸው። «ታዲያ አስቀምጪልኝ ብዬሽ፣ ዝሩ ልትዪኝ ነው የመጣሽው?» አሉ። አዎን አልኳቸው። አንዱ የልጅ ልጃቸው ማሳውን ቆፈረልን። ልጆቹ ድቅሉን ሚያዝያ መጀመሪያ ዘርተው ስለነበር እኛ ግንቦት ሲጋመስ ከቡናው ጀርባ ዘራን። የቀረውን ሁለት ጠርሙስ ሞልቼ አንዱን እሳቸው አልጋ ሥር፣ አንዱን እኔ ቤት አኖርኩ።

ይህን ስጽፍ ሐምሌ እየተጋመሰ ነው፣ በቆሎው ከወገብ አልፏል። ጊዜውን ብቻ ስለማላምን ራሶቹ ሐር ከማውጣታቸው በፊት የምንሸፍንበት የወረቀት ከረጢት ይዤ ሄድኩ፤ ጽጌውን ከዚያው ማሳ በእጃችን ልናራግፍባቸው ነው። እናትየዋ ከረጢቱን አገላብጠው አዩት። «ሙሽራ ናት እንዴ የምትሸፍኛት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «ባሏን እኛ ነን የምንመርጥላት።»